ስለ ወርቅ ቀለበትና ስለ ገዥው ኅሊና

ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ሽማግሌ ስለ ጌጥ ሊናገር ሲነሣ ወጣቱ አስቀድሞ ጆሮውን ይደፍናል፤ ስለ ትዕቢትና ስለ ከንቱ ውዳሴ ሊመክረኝ ነው ብሎ ያስባልና። እኔ ዛሬ በዚያ በኩል አልመጣባችሁም። ሙሽራ በሠርጓ ቀን አምራ ባያት ደስ ይለኛል፤ ሙሽራውም የልቡን ፍቅር በሚታይ ነገር ለመግለጽ መፈለጉን አልነቅፍበትም። የምከሰው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ገዥው የዕቃውን ዋጋና ካራት አጥብቆ ጠይቆ፥ ከየት እንደ መጣና በማን ጉዳት እንደ ተገኘ ግን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር ላውጋችሁ።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፥ በጌዴኦ ቡናው አብቦ አገሩ ሁሉ በመዓዛው በታወደበት ሰሞን፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ዲላ ወዳለው ቤቴ መጣ። ቡና ከጠጣን በኋላ ከኪሱ ትንሽ ቀይ ሣጥን አውጥቶ ከፈተና፥ «ጋሼ፥ እስቲ ይዩልኝ፤ ለሠርጌ ነው» አለኝ። የወርቅ ቀለበት ነበረ፤ በላዩም ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ነጭ ድንጋይ ታበራለች። «ድንጋዩ አልማዝ ነው፤ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት» ብሎ በኩራት ነገረኝ። አልማዝ ይሁን ብርጭቆ እኔ መለየት አልችልም፤ እርሱም የሚችል አይመስለኝም። ማማሩን ግን አልካድሁም።

«ገንዘቡን ከየት አገኘኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት ዝም አለና፥ «አባዬ የሚመጣውን ቡና በአበባው ሸጡልኝ» አለ።

ቡናን በአበባው መሸጥ ምን እንደ ሆነ የከተማ ልጅ ላያውቅ ስለሚችል ላስረዳ። ገበሬው ቡናው ገና አበባ ሳለ፥ ወይም ክረምት ገብቶ ቤቱ ሲጐድልበት፥ ወደ ባለገንዘብ ሄዶ ብር ይቀበላል። ጥቅምትና ኅዳር መጥቶ ፍሬው ሲቀላ ባለገንዘቡ ቡናውን የሚረከበው በዚያ ቀን የገበያ ዋጋ አይደለም፤ አስቀድመው በተነጋገሩበት በርካሹ ዋጋ ነው። ዝናብ ቢያጥር፥ በሽታ ቢገባበት፥ ጉዳቱ የገበሬው ነው፤ ዋጋው ቢወጣ ትርፉ የባለገንዘቡ ነው። ስሙ ሽያጭ ይባላል እንጂ ግብሩ አራጣ ነው። በጌዴኦ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ ሁላችሁም ከየመንደራችሁ ታውቃላችሁ። የልጁንም አባት ዐውቃቸዋለሁ፤ ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ባለች ቀበሌ ከእንሰታቸውና ከቡናቸው በቀር ሌላ ሀብት የሌላቸው ሰው ናቸው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላል ተረቱ፤ እኒህ ሰው ግን የዓመት ቡናቸውን ሰጥተው በእውነትም ጠጠር ተቀበሉ።

ቀጥዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቅሁት። «ወርቁስ ከየት የመጣ ነው?»

«ከወርቅ ቤት ነዋ፥ ጋሼ» አለኝ እየሣቀ።

«ወርቅ ቤቱስ ከየት አገኘው?»

«እሱን እንጃ። 18 ካራት መሆኑን ግን አስፈትሼ አረጋግጫለሁ።»

ከሁለቱ መልሶች ይልቅ ያስጨነቀኝ የኋለኛው ነው። የፊተኛው የአባቱን ጉዳት ዐውቆ ያፈረ ልጅ መልስ ነበረ፤ ማፈር የሚችል ሰው ደግሞ ገና ተስፋ አለው። የኋለኛው ግን የሚታፈርበት ነገር መኖሩን እንኳ ያልጠረጠረ ሰው መልስ ነው። ያም ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም። ካስተማርኋቸው ሁሉ ደግ ከምላቸው አንዱ ነው። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው።

ይህ ልጅ የቡና ልጅ ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንዲሁ ናችሁ። እስቲ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ቡና ገዥዎች እስከ ይርጋ ጨፌ፥ እስከ ኮቸሬና እስከ ገደብ ድረስ ወርደው ምን እንደሚጠይቁ አስታውሱ። ቡናው የበቀለበት ቀበሌ ማን ይባላል? ከፍታው ስንት ሜትር ነው? በየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ ታጠበ? በአልጋው ላይ ስንት ቀን ደረቀ? ከእነርሱም አንዳንዶቹ፥ ገበሬው በኪሎ ስንት ተከፈለው ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ከልቡ ይጠይቃል አልልም፤ ከጥያቄው ውስጥ የከረጢቱን ጽሕፈት ለማሳመር ብቻ የሚጠየቅ አለበት። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ብዙ ሰው ተከራክሮ ያመጣው ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፥ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ ከሚባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር የነበረውም ሙግት በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። የእኛ ክስ በዚያን ጊዜ ምን ነበር? «እናንተ አንዱን ስኒ በውድ ትሸጣላችሁ፥ ትጠጣላችሁ፤ የለፋበት ሰው ግን የሚበላው አጥቷል፤ ስለ እርሱ ጠይቃችሁ አታውቁም» የሚል ነበር። ክሱም እውነተኛ ነበር።

ከዚያም ወደ ኋላ ብትሄዱ፥ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ በሚጭሌ ጦሩን ይዞ በጠመንጃ ፊት የቆመው፥ ጌታው የቡናውን ፍሬ እየወሰደ የጭሰኛውን ኑሮ ከቁም ነገር ስላልቈጠረው ነው። የዚያን ቀን የወደቁትን ሽማግሎች ሲያነሡ ሰምታችኋል። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ዛሬ ወርቅ ቤት ገብቶ፥ የስታርባክስ ደንበኛ በአሜሪካ አገር ስኒውን አንሥቶ እንደሚሄድ፥ ሣጥኑን አንሥቶ ይወጣል። በዚያ የከሰስነውን በዚህ እኛው ሠራነው።

ወርቁስ በማን ላይ ጉዳት ያደርሳል ትሉኝ ይሆናል። ለመልሱ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከጌዴኦ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የጉጂ ምድር አለ። በአዶላና በሻኪሶ አካባቢ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ወርቅ ሲወጣ ኖሯል፤ ከተማይቱም ክብረ መንግሥት የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። የመንግሥቱ ክብር ከዚያ ጭቃ ይቈፈር ስለ ነበረ ስሙ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ከሻኪሶ አጠገብ ያለውን የለገ ደምቢን ማዕድን ደግሞ ሚድሮክ ወርቅ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለ20 ዓመት ተረክቦ ይሠራበት ጀመር።

ወርቅ እንዲህ ባለ ስፍራ እንደ ድንች ተቈፍሮ አይነሣም። ዐለቱ በፈንጂ ይፈርሳል፤ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤ ከዚያም ሳያናይድ ከሚባለው መርዝ ጋር ይዘፈዘፋል፤ መርዙም ወርቁን ከድንጋዩ አሟሙቶ ያወጣዋል። ከአንድ ቶን ዐለት የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ልጅ በመዳፉ ይዞ ያሳየኝን ቀለበት የሚያህል ወርቅ ለማግኘት አንድ ቶን ያህል ዐለት ተፈጭቶ በመርዝ መታጠብ አለበት ማለት ነው። ወርቁ ታሽጎ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የተፈጨው ጭቃና የታጠበበት ውሃ ግን በትልቅ ኩሬ ተጠራቅሞ እዚያው ይቀራል። ከኩሬው በታች ያለው ሰው ከብቱን ያጠጣል፥ ልጁንም ያጥባል።

የሻኪሶ አካባቢ ሰዎች ለብዙ ዓመታት አቤት ሲሉ የኖሩት ስለዚህ ውሃ ነው። ከብቶቻችን አለቁ፤ እናቶች ያስወርዳቸዋል፤ ልጆች አካላቸው ተጐድቶ ይወለዳሉ አሉ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለ10 ዓመት እንደ ታደሰ በተሰማ ጊዜ ግን ሕዝቡ መንገድ ወጣ፤ በግንቦት ወርም መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ሥራው በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የነዋሪዎቹን ቃል መዝግቦ፥ ስለ ብክለቱ የተደረጉት ጥናቶች ለሕዝብ ሳይገለጡ መቅረታቸውን፥ ወርቁንም እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አርጎር-ሄሬዩስ የተባለ የስዊስ ማጣሪያ ሲገዛ መኖሩን ጽፏል። የሕመሙን መንሥኤ መርምሮ መፍረድ የሐኪምና የዳኛ ሥራ ነው። እኔ የምለው፥ የምትጠጣው ውሃ ተመርምሮ ውጤቱን ያልተነገራት እናት በዚህ ብቻ ተበድላለች ነው።

ወርቁ የተሸጠው ለስዊስ ነው፥ እኔ ምን አገባኝ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ወርቅ ሲቀልጥ ዘሩ ይጠፋል፤ ይህን ልብ በሉት። ቡና ቢቈላም ቢፈጭም ዐዋቂ ቀማሽ የይርጋ ጨፌን ከሐረር ይለየዋል። ወርቅ ግን አንድ ጊዜ ከሌላ ወርቅ ጋር ከቀለጠ የሻኪሶው ከጋናው፥ የተሰረቀው ከተገዛው፥ የሕፃን እጅ ያጠበው ባለመኪናው ካወጣው ተደባልቆ አንድ ይሆናል። ከእኛ ምድር ወጥቶ ስዊስ ወይም ዱባይ ደርሶ ጌጥ ሆኖ ቢመለስ ማንም አያውቀውም። «የእኔ የዱባይ ነው» የምትል እኅቴ፥ በዱባይ የወርቅ ማዕድን ቈፋሪ አይታ ታውቃለች? በቅኔያችን ሰሙ ላይ ላዩን ሲታይ ወርቁ ከውስጥ ይደበቃል። በቀለበቱ ግን የሚታየው ወርቁ ነው፤ የተደበቀው የሰው ነገር ነው።

ኩባንያውን ትተን በእጁና በገበቴው ወርቅ የሚያጥበውን ድኻ ብናነሣ ነገሩ ይቀላል ብዬ ነበር፤ አልቀለለም። እነዚህ ሰዎች ከነቤተ ሰባቸው ጉድጓድ ይገባሉ፤ በክረምት አፈሩ ሲርስ ጉድጓዱ ይናድባቸዋል። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም በአንዳንድ ቦታ ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ባዜቃ ይቀላቅሉበታል፤ ከዚያ በእሳት ሲያተንኑት ጢሱ በሳንባ ገብቶ ነርቭን ይጐዳል፤ ያንን ጢስ የሚተነፍሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በምድጃው አጠገብ ያለችው እናትና የታዘለው ሕፃን ነው። ባዜቃን ለመቀነስ የተደረገው የዓለም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲፈረም ሚናማታ ተብሎ በአንዲት የጃፓን ከተማ ስም የተጠራው፥ በዚያች ከተማ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በፈሰሰ ባዜቃ ምክንያት ዓሣ የበሉ ሰዎች አካለ ስንኩል ስለ ሆኑ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴርም የልጆች ጉልበት የገባባቸውን ዕቃዎች በሚመዘግብበት ዝርዝር የኢትዮጵያን ወርቅ አስገብቶታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ በእጅ የተሸመነው ጨርቃችንም አለ። እንግዲህ ሙሽራዪቱን ከቀለበቷ እስከ ጥለቷ ተመልከቷት።

ጥንትም ከዚህ የተሻልን አልነበርንም። አባቶቻችን ጕትቻውንና ድሪውን የሠራላቸውን አንጥረኛ ቡዳ ነው፥ ጠይብ ነው እያሉ ከእርሱ ጋር አንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ጌጡን በአንገታቸው አድርገው እጁን ተጸየፉት። ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን የሚሰድበውን በአዋጅ እስኪገሥጹ ድረስ ደረሰ። ዛሬ አንጥረኛውን አንሰድበውም፤ ተሻሽለናል። ቈፋሪውን ግን መኖሩንም አናስታውሰውም፤ ለመሆኑ ከመሰደብና ከመረሳት የትኛው ይሻላል?

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ነገር ደረስሁ። የለገ ደምቢ ፈቃድ የታገደበት ያ የ2010 ዓ.ም. ግንቦት በእኛ ዘንድ ምን ወር ነበር? በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከእርሱም የሚበዛው ጌዴኦ ነበር። ትምህርት ቤቱ፥ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ጣሪያ ብቻ ያለው ያልተጨረሰ ሕንጻ ሁሉ በሰው ሞላ። በጭቃ ላይ የተኙትን ሕፃናት አይተናል። እንግዲህ የጉጂ እናት ስለ ውሃዋ በጮኸችበት ወራት የእኛ እናት ልጅ አዝላ በሌሊት ስትሸሽ ነበር። ሁለቱም አለቀሱ፤ አንዲቱ ግን የሌላይቱን ልቅሶ አልሰማችም።

ይህን ለአንዲት ብልኅ ልጅ ባወራላት፥ «ጋሼ፥ እኛን ላፈናቀለን ሰው ውሃ እኔ ለምን ልዘን?» አለችኝ። ቤታቸው በዚያ ዓመት ተቃጥሎ ነበርና አልተቈጣኋትም። የመለስሁላት ግን ይህ ነው። ልጄ፥ የሻኪሶዋ እናት ማንንም አላፈናቀለችም። ከጌዴኦ ዞን ቤታቸውን ጥለው የወጡ ጉጂዎችም ነበሩ፤ እነርሱንም አንቺ አላባረርሻቸውም። ሁለቱ ሕዝብ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፥ ደምም ሲፈስ ጎንዶሮ በሚባለው የእርቅ ሥርዓት ሲታረቁ የኖሩ ናቸው። ለእርቅ የሚዘረጋ እጅ በጣቱ ላይ ምን እንዳለ ማየት አለበት። የእርሷ ወንዝ የደፈረሰበት ወርቅ ከአንቺ ጣት ላይ ሲያበራ ብታይ ምን ትላለች? አንቺስ ከእንሰትሽ ተነቅሎ የተወሰደ ነገር ከሌላ ሰው ቤት ብታገኚ ምን ትያለሽ? ልጅቱ መልስ አልሰጠችኝም። ነገር ግን ቡናዬን ጨርሳ ጠጥታ ነው የሄደችው።

አልማዙን አልረሳሁትም። በአገራችን ሴት ልጅ ስትወለድ አልማዝ፥ ወርቅነሽ እያልን ስም እናወጣለን፤ ድንጋዩን ግን አብዛኞቻችን ሳናየው እንሞት ነበር። ቀለበት ያለ አልማዝ ቀለበት አይባልም የሚለውን ሐሳብ ማን በወጣቱ ልብ ጨመረው? ሐሳቡ ዕድሜው አጭር ነው። ዴ ቢርስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ አገር ማስታወቂያ አስጽፎ አልማዝን ከዘላለም ፍቅር ጋር ያጋባው ሰውን ለማስገዛት ነው፤ የተሳካለትም እስከ ዲላ ድረስ ነው። ይህ ድንጋይ በሴራሊዮን ከ1991 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት እጅ ለሚቈርጡ ሽፍቶች ጠመንጃ መግዣ ሆኗል። ዓለም አፍሮ እ.ኤ.አ. በ2003 የኪምበርሌይ ሥርዓት የሚባለውን ማረጋገጫ አቆመ። ማረጋገጫው ግን የሽፍታ አልማዝ ነውን ብሎ ይጠይቃል እንጂ፥ መንግሥት ራሱ የገደለበት ነውን ብሎ አይጠይቅም። በዚምባብዌ ማራንጌ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2008 ወታደሮች ቈፋሪዎችን ፈጅተው ሳለ፥ ከሦስት ዓመት በኋላ የዚያ ስፍራ አልማዝ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ስለዚህ ሻጩ ወረቀት ሲያሳያችሁ ወረቀቱ የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ እንደ ሆነ ጠይቁት።

በእኔ ላይ የሚነሡትን ክርክሮች ዐውቃለሁ። «እኛ ካልገዛን ቈፋሪው ምን ይበላል?» ይላሉ። ቡና ገዥውም እንዲህ ይለን ነበር፤ እኔ ባልገዛ ትራባላችሁ፥ ስለዚህ የሰጠኋችሁን ተቀበሉ ይለን ነበር። ቈፋሪውን የሚወድ ሰው እንዴት እንደሚቈፍር ይጠይቅለታል።

አንደኛው ክርክር ግን ከባድ ነው፤ ያመጡብኝም ሴቶች ናቸው። «ወርቅ የሴት ባንኳ ነው» አሉኝ። መሬቱ በባልዋ ስም፥ ቡናው በአማቷ እጅ በሆነበት ቤት አምባሯ ብቻ የራሷ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ገንዘብ በሣጥን ያስቀመጠች ሴት ስንት እንደ ቀረላት፥ ወርቅ ያስቀመጠችውስ ስንት እንዳተረፈች ቈጥረው አሳዩኝ። በ2010 ዓ.ም. ስትሸሽ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ጕትቻ ሸጣ ልጆቿን ያበላች አንዲት ሴት ከጎረቤቴ ነበረች። ይህን ክርክር አላፈርሰውም፤ ላፈርሰውም አልፈልግም። ሴት ልጅ የራሷ ንብረት ይኑራት። ነገር ግን ለዚህ የሚሆነው ወርቅ ከአያት ወደ እናት፥ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደው፥ ተሰብሮ የሚቀልጠው፥ ቀልጦም እንደገና የሚሠራው ወርቅ ነው። ስለ እርሱ ዛሬ አዲስ ጉድጓድ አይቈፈርም። በየሙዳዩ ስንት የተሰበረ ጕትቻና የጠበበ ቀለበት ተቀምጧል! ባለእጁም ከዲላ አልጠፋም። እኛ ግን ይህ ያረጀ ነው፥ ሰው ምን ይለኛል ብለን በስልክ ላይ ያየነውን ዓይነት እንሻለን። እዚህ ላይ ነገሩ ከሴት ንብረት ወጥቶ የሰርገኛ ዓይን ጉዳይ ሆነ፤ ለሰርገኛ ዓይን ሲባል የአባት ቡና በአበባው ሲሸጥ ደግሞ እኔ ዝም አልልም።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። «ልጄን በባዶ ጣቷ አልሰጥም» ስትሉ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ባለ አምስት ግራም ቀለበት ካላመጣህ ያላችሁት ልጅ ነገ የልጃችሁ ባል ነው፤ ዕዳውም የልጃችሁ ዕዳ ነው። በጌዴኦ የሰው ሀብት በእንሰቱ ውፍረትና በቡናው ጥላ ይታይ የነበረው ሩቅ ዘመን አይደለም። ያ እንሰትና ቡና ከዛፉ ጥላ ጋር ተጣምሮ የሚታይበት ምድራችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ዓለም ያደነቀውን ትታችሁ ስለ አንዲት ጠጠር ትከራከራላችሁን?

ያ ልጅ ከእኔ ዘንድ ሲወጣ አኵርፎ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከእጮኛው ጋር መጣ። ነገሩን ሁሉ ነግሯት ኖሮ፥ ከእርሱ ይልቅ የተቈጣችው እርሷ ነበረች፤ የተቈጣችውም ስለ ሻኪሶ አልነበረም፤ ስለ ቡናው ሳይነግራት በመቅረቱ ነው። ስለ ሻኪሶ የጠየቀችኝ በኋላ ነው፤ ጥያቄዋም ብዙ ነበር። ቀለበቱን ወደ ወርቅ ቤቱ መለሱት፤ ወርቅ ቤቱም በቅናሽ ነው የተቀበላቸው። ነጩ ድንጋይ ምን ሆኖ እንደ ተገኘ አልነገሩኝም፥ እኔም አልጠየቅሁም። እናቷ አንድ ተሰብሮ የተቀመጠ ጕትቻ ነበራቸው፤ ከእርሱ ሁለት ቀጫጭን ቀለበቶች አሠሩ። ሠርጉ በሚያዝያ ሆነ፤ ስለ ቀለበቱ ቅጥነት ያንሾካሾኩ አክስቶች ነበሩ፥ አልዋሽም።

የአባትየውን ውል ግን ማፍረስ አልተቻለም። ልጁ የተመለሰለትን ገንዘብ ይዞ ወደ ባለገንዘቡ ሄዶ ነበር፤ ባለገንዘቡም «የተነጋገርነው በቡና ነው» ብሎ መለሰው። በኅዳር ፍሬው ቀላ፤ የቡናም ዋጋ በዚያ ዓመት ጥሩ ነበር። አባትየው በተነጋገሩበት ዋጋ አስረከቡ። እኔም ልጁም ሚስቱም ለቀማው ላይ ነበርን፤ ከረጢቱን መኪናው ላይ የጫነው ልጁ ራሱ ነው።